ሐይቅ ዳር ምሳ፦ ከሳንሱሲ ወደ ደቡብ ለሚወርዱ

ሳንሱሲ የሚኖር ሰው ውኃ ዳር መቀመጥ ሲያምረው በቅርቡ የሚያገኘው ገፈርሳን ነው። ቡራዩን አለፍ እንዳሉ በአምቦ መንገድ ላይ አለ። ገፈርሳ ግን የአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ ስለሆነ ልጆች ይዘው ሄደው የሚውሉበት አይደለም። ስለዚህ ለገና፣ ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ሁለት ሦስት ቀን ዕረፍት ሲገኝ የሰፈራችን ሰው ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞራል። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፤ ጊዜና ገንዘብ የፈቀደለት ደግሞ እስከ አርባ ምንጭ ይወርዳል። ባሕር ስለሌለን የባሕር ዳርቻችን የስምጥ ሸለቆው ሐይቅ ነው።

ጎረቤቶቼ ከዚህ መንገድ ሲመለሱ ቁጭ ብዬ ማዳመጥ እወዳለሁ። ጀልባው፣ ጉማሬው፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅ የተነሱት ፎቶ፣ ሁሉም በደስታ ይወራል። «ምግቡስ?» ብዬ ስጠይቅ ግን ወሬው ይቀዘቅዛል። ዓሣው ደረቅ ነበር፣ ሁለት ሰዓት አስጠበቁን፣ ሒሳቡ አስደነገጠን። ከሐይቁ አፍ ላይ ተቀምጦ የደረቀ ዓሣ በልቶ መመለስ ያሳዝነኛል። ትንሽ ነገር ቢያውቁ ኖሮ በዚያው ገንዘብ፣ ምናልባትም ባነሰ፣ ዕድሜ ልካቸውን የሚያስታውሱትን ምሳ ይበሉ ነበር።

በእኔም ደርሶብኛል። አንድ ዓመት ቤተሰቤን ይዤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሐይቅ ዳር ደረስን። ልጆቹ ርቧቸው ይነጫነጫሉ። መጀመሪያ ያየነውን ጥላ ያለው፣ ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ የለበሰ ቤት ገባንና ዓሣ ጥብስ አዘዝን። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ የቀረበልን ዓሣ ሹካ ሲነካው እንደ ድርቆሽ ይበተናል፤ ከአጥንቱ አጠገብ ያለው ሥጋ ደግሞ ገና በረዶው አልለቀቀውም። ሐይቁ ከእግራችን ሃያ እርምጃ አይርቅም፤ ዓሣው ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ስንት ቀን እንደሰነበተ እግዜር ይወቀው። ታናሿ ልጄ ዳቦ ብቻ በልታ ተነሣች። ያን ቀን ነው ነገሩን መጠየቅና መማር የጀመርኩት።

የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፦ ቤት ከመምረጣችሁ በፊት ሰዓቱን ዕወቁ። አጥማጁ መረቡን አመሻሹ ላይ ይጥላል፤ መረቡ ውኃ ውስጥ ያድራል፤ ጎህ ሲቀድ ይሰበሰባል። ጀልባዎቹ ወደ ዳር የሚመጡት በማለዳ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሰዓት ከዓሣው ላይ አንድ ነገር ይወስድበታል፤ ቆላው ሞቃት ነው፣ በረዶ ደግሞ በየቦታው አይገኝም። እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ምሳ በሰባት ሰዓት፣ ለዕረፍት ሲሆን እንዲያውም በስምንትና በዘጠኝ እንበላለን። ሐይቅ ዳር ግን ዓሣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀትር ባለው ጊዜ ቢበላ ነው የሚሻለው። ቁርስና ምሳን አንድ አድርጉት።

ይህን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሐዋሳ ሲገባ አሞራ ገደል ይሂድ። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በ1950ዎቹ የተቆረቆረች፣ ዛሬ የሲዳማ ክልል መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያዋ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቁሙ። ጀልባዎቹ አፍንጫቸውን ደለሉ ላይ ያስደግፋሉ፤ መረቡ ይዘረገፍና ቆሮሶው ከመረቡ ዓይን አንድ በአንድ እየተላቀቀ ይወጣል። አባ ኮዳ የምንላቸው ራሰ በራ ግዙፍ አሞሮች በሕፃን ልጅ ቁመት ተገትረው ሆድ ዕቃ እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። ቢላ የያዘው ወጣት ዓሣውን በግራ እጁ ጫን ያደርገዋል፤ ቢላውን ከጭንቅላቱ ሥር ያስገባል፤ አጥንቱን እየታከከ እስከ ጭራው ድረስ ባንድ ትንፋሽ ያወርደዋል፤ ገልብጦ ሌላውንም ጎን እንዲሁ ያደርጋል። ሁለት የጠራ ሥጋ ወጣ ማለት ነው፤ ፊሌቶ የሚሉት። ጭንቅላቱና አጥንቱ ለሾርባ ይቀመጣል። እኔ አንዱን ስቆጥርለት ከዓይን ጥቅሻ እምብዛም አልበለጠም። እዚያው አጠገብ ደግሞ ዘይቱ ፈልቶ ምጣዱ ይጠብቃል።

እዚያ ስትቆሙ ዓሣ መምረጥንም ተማሩ፤ አንድ ጊዜ ከተማራችሁት በየትኛውም ቤት ይሠራል። ዓይኑን እዩ፤ ትኩስ ዓሣ ዓይኑ ጥርት ያለና ወጣ ያለ ነው፣ የቆየው ይደበዝዛል፣ ይሰረጉዳል። ከጉንጩ ክዳን ሥር ያለውን መተንፈሻውን ገለጥ አድርጉ፤ ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ የዛሬ ነው፣ ወደ ቡናማ ከሄደ ተዉት። በጣታችሁ ጫን በሉት፤ ሥጋው ተመልሶ ከሞላ ደኅና፣ የጣታችሁ ጉድጓድ ከቀረ ግን ቆይቷል። ሽታው የሐይቅ ውኃ ሽታ ይሁን። ምግብ ቤት ገብታችሁም «ከማዘዜ በፊት ዓሣውን ልየው» ማለት ነውር የለውም። ደኅና ዓሣ ያለው ቤት ደስ ብሎት ያሳያል። እምቢ ካሏችሁ በትሕትና አመስግናችሁ ውጡ።

ስሙንም ማወቅ ይጠቅማል። ከዝዋይ እስከ ሐዋሳ በብዛት የሚቀርበው ቆሮሶ ነው፤ ሥጋው ነጭ፣ ጣዕሙ ለስለስ ያለ፣ ለጥብስ የተፈጠረ። አምባዛ ጢም ያለውና ቅርፊት የሌለው ነው። ቅባት ስላለው ለወጥና ለጉላሽ ይሆናል፤ አንዳንድ ሰው ግን ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖቱ አይበላውም፤ እንግዳ ይዛችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቢልጫ ሥጋው ጥሩ ሆኖ ደቃቅ አጥንቱ የበዛ ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ቢልጫ ላይ፣ በተለይ በትልልቆቹ፣ ሜርኩሪ ከፍ ብሎ እንደተገኘ የተመራመሩ ሰዎች ጽፈዋል፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ቆሮሶውን ቢመርጡ ይሻላል።

አሠራሩን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ ያልተወሳሰበውን እዘዙ። ሙሉ ቆሮሶ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ፣ ጨው ብቻ ነክቶት፣ በጋለ ዘይት የተጠበሰ፤ ከሎሚ፣ ከዳጣና ከዳቦ ወይም ከእንጀራ ጋር። መተልተሉ ለጌጥ እንዳይመስላችሁ፤ ሙቀቱ እስከ አጥንቱ ይደርሳል፣ ደቃቁ አጥንትም ይከስማል። ዓሣ ለብለብም ጥሩ ነው፣ ዓሣ ዱለትም እንዲሁ። ጉላሽና ወጥ ግን በርበሬና ሽንኩርት ስለሚያለብሱት ዓሣው የትናንት ይሁን የዛሬ አይታወቅም፤ ቤቱን ሳታምኑ አትዘዟቸው። ሾርባው ከጭንቅላትና ከአጥንት ተቀቅሎ ቃሪያ ሲጣልበት ለማለዳ ብርድ መድኃኒት ነው። ጥሬ ዓሣ በአዋዜ የሚወዱ አሉ፤ እኔ አልመክርም። የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል፤ እሱን የሚገድለው እሳት እንጂ ሎሚና በርበሬ አይደለም።

ዘይቱንም እዩ። ጠቁሮ፣ ወፍሮ፣ ሳይፈላ የሚጨስ ከሆነ ስንት ጊዜ እንደተጠበሰበት ይመሰክራል። ወንበሩ የፕላስቲክ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ዘይቱ የጠራ፣ ሰው እየገባ እየወጣ ምጣዱ የማያርፍበት ቤት ከባለ አበባው ግቢ ይበልጥብኛል። ሪዞርቶቹን መንቀፌ አይደለም። ሐዋሳ ላይ እንደ ኃይሌ ሪዞርት ያሉት ለመኝታ፣ ለዋና፣ ልጆችን ለማጫወት ተመራጭ ናቸው፤ ቡናችሁንም እዚያው ጠጡ። ዓሣውን ግን ጀልባው ከሚቆምበት አትራቁ።

ቤቱን ማን ይጠቁማችሁ? ሰው «ጥሩ ሬስቶራንት የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚነገረው ለእንግዳ ይመጥናል የተባለው ነው። እኔ ጥያቄውን ቀይሬዋለሁ። ሐዋሳ ላይ አንዱን የባጃጅ ልጅ «አንተ ራስህ ምሳ የት ነው የምትበላው?» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ የኔ ቤት ለእናንተ አይሆንም፣ ጠባብ ናት» አለኝ። «ግድ የለም፣ ውሰደን» አልኩት። ሦስት ጠረጴዛ ያላት ቤት ናት። ባለቤቷ ዓሣውን በሳፋ አምጥታ «ምረጡ» አለችን። ያቺ ዳቦ ብቻ በልታ የተነሣች ልጄ ሁለተኛ አስጨመረች። ሹፌሩን፣ ዘበኛውን፣ የሆቴሉን አልጋ አንጣፊ፣ የራሳቸውን ገንዘብ ከፍለው የሚበሉትን ሰዎች ጠይቁ። ዋጋውን ደግሞ ከማዘዛችሁ በፊት በአንድ ዓሣ ነው ወይስ በኪሎ ብላችሁ ለዩ፤ ጠብ የሚነሣው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

የዓመቱም ወቅት ለውጥ አለው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ አልገባበትም። ገበያው ግን በሁዳዴ ይሞቃል፤ ዓሣው ቶሎ ስለሚሸጥ አይሰነብትም፣ ዋጋው ግን ይወጣል። ከፋሲካ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ሥጋ ሲዞር ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ለመደራደር ያመቻል፣ ትኩስነቱን ግን በደንብ መርምሩ።

መንገድ ላይም ጥንቃቄ ይኑር። ቆቃ አካባቢ ልጆች ዓሣ በገመድ ሰክተው ለመኪና ያሳያሉ። ማለዳ ከሆነ ጥሩ፤ ከቀትር በኋላ ግን ያ ዓሣ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተንጠልጥሎ ሊሆን ይችላል። ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ የሳንሱሲ ሰው ደግሞ ከተማውን ሁሉ አቋርጦ ቃሊቲ ድረስ መውጣት የለበትም፤ በአየር ጤና በዓለም ገና ወጥቶ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በሶዶ መውረድ ይችላል። ቡታጅራ ላይ ክትፎ በቆጮ ሳይቀምሱ ማለፍ ለእኔ ይከብደኛል።

አርባ ምንጭ ሌላ ዓለም ናት። ጫሞ ሐይቅ ውስጥ ናይል ፐርች የሚባለው ትልቅ ዓሣ አለ፤ ከእሱ የሚሠራው ዓሣ ኮትሌት የከተማዋ መታወቂያ ሆኗል። ሥጋው ሰፋ ተደርጎ ይቆረጥና የዳቦ ዱቄትና እንቁላል ለብሶ ይጠበሳል፤ ውጪው ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ጭማቂውን ይዞ ይቆያል፣ አጥንት ስለሌለው ለልጅ አያሰጋም። በማግስቱ ዳገቱን ወጥታችሁ ዶርዜ ግቡ፤ ትኩስ የቆጮ ቂጣ በዳጣና በማር ይቀርብላችኋል። ሐይቅ ዳር ሄዶ ዓሣ ብቻ በልቶ መመለስ የአገሩን ግማሽ ሳያዩ መመለስ ነው፤ ደቡብ የእንሰት አገር ነውና። ሲዳማ ውስጥ ቡርሳሜ ጠይቁ፤ ከእንሰት በቅቤ ተለውሶ የሚሠራ፣ ከወተት ጋር የሚቀርብ ምግብ ነው። በዘመን መለወጫቸው በፊቼ ጫምባላላ በጋራ የሚበላው እሱ ነው፤ ያ በዓል በኅዳር 2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት ተመዝግቧል።

ምጽዋን የሚያስታውሱ ታላላቆቻችን ስለዓሣ ሲነሣ ዓይናቸው ይበራል። እዚያ ዓሣው በጀርባው ተሰንጥቆ ይዘረጋል፤ ቅመም ይቀባና እንደ የመኖች ልማድ በጋለ የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ይጋገራል፣ ከትኩስ ቂጣ ጋርም ይበላል። ጅቡቲ የሄደም ይህንኑ ያገኛል። ከሐይቆቻችን ዳር አንዱ ቤት ይህን አሠራር በቆሮሶ ቢሞክረው እንዴት ደስ ባለኝ!

በመጨረሻው ቀን ወደ ቤት ዓሣ መያዝ የምትፈልጉ ካላችሁ እንዲህ አድርጉ። የበረዶ ሣጥን ከሳንሱሲ ይዛችሁ ውረዱ። የመመለሻችሁ ቀን ማለዳ ገበያ ሂዱ፤ ሆድ ዕቃው ወጥቶ የታጠበ ሙሉ ዓሣ ግዙ። ፊሌቶው መንገድ ላይ ውኃ ይለቅቃል፤ ሙሉው ይሻላል። ከሥርም ከላይም በረዶ አልብሱት፤ የሚቀልጠው ውኃ ዓሣውን እንዳይዘፍቀው ውኃ በማያስገባ ነገር ጠቅልሉት። በየመንገዱ ሳትቆሙ ኑ። ማታ ደርሳችሁ ነገ ብላችሁ አታሳድሩት፤ ዕቃችሁን ሳትፈቱ ዘይቱን ጣዱ፣ ጎረቤት ጥሩ፣ አንዱን ልጅ ሎሚ ይዞ እንዲመጣ ሱቅ ላኩት።