ሰውነት ሲወዛወዝ ዓይን እንዴት ያነባል?

ባለፈው ሰሞን ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ክፍል አንድ ልጅ እንዲያነብ አስነሣነው። ልጁ ከቄስ ትምህርት ቤት የመጣ ነበርና መጽሐፉን ይዞ ወደፊትና ወደኋላ እየተወዛወዘ ሲያነብ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኛም፣ «ቀጥ ብለህ ቁም እንጂ! እንዲህ እየተወዛወዝክ ፊደሉ እንዴት ይታይሃል?» አልነው። ልጁ መወዛወዙን ተወ፤ ማንበቡንም አብሮ ተወና ተቀመጠ።

ማታ ስንጨዋወት ግን ጥያቄው ወደ እኛው ዞረ። እውነት ሲወዛወዙ ፊደል አይታይም? የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም ያለችው እዚሁ ጋይንት ነው፤ የአብነት ተማሪ እየተወዛወዘ ዳዊት ሲደግም ያላየ ሰው በመካከላችን የለም።

እስቲ እናንተም እዚሁ እንደቆማችሁ ሞክሩት። ራሳችሁን «እምቢ» እንደሚል ሰው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ፈጠን አድርጋችሁ እያወዛወዛችሁ ይህን መስመር አንብቡ። ይነበባል። አሁን ራሳችሁን አቁሙና ደብተራችሁን በዚያው ፍጥነት አወዛውዙት። ፊደሉ ይደበዝዛል። (ደብተር ያልያዘ ሰው የዚህን ወረቀት ታችኛ ጥግ ይመልከት፤ ስፒሉ ስለለቀቀው የንፋስ መውጫ ንፋስ ሲያራግበው ይውላል።)

ምክንያቱ ያለው ጆሮ ውስጥ ነው። በውስጠኛው ጆሮ በግራም በቀኝም ፈሳሽ የያዙ ሦስት ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ። ራስ ሲዞር ፈሳሹ ወደኋላ ይቀራል፤ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይጎብጣሉ፤ መልእክቱም በአንጎል ግንድ በኩል አልፎ ለዓይን ጡንቻ ይደርሳል። ራስ ወደ ቀኝ ሲሄድ ዓይን በዚያው መጠን ወደ ግራ ይዞራል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በሰከንድ አንድ መቶኛ ገደማ ነው። ቱቦዎቹ በሦስት አቅጣጫ ስለተተከሉ የልጁን ወደፊትና ወደኋላ መወዛወዝም ያውቁታል። ደብተር ሲወዛወዝ ግን ጆሮ ወሬውን አልሰማም፤ ዓይን ብቻውን ሊያሳድድ ይነሣና አሥር እጥፍ ያህል ይዘገያል።

ሌላም አለ። አንድ ዓይን ጨፍናችሁ የሌላውን ሽፋን ከጥግ በኩል በንጹሕ ጣት ቀስ ብላችሁ ነካ አድርጉት። ግድግዳው ይንቀሳቀሳል! ዓይናችሁን ራሳችሁ ስታዞሩት ግን ግድግዳው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ይኸውም አንጎል ለዓይን ጡንቻ ትእዛዝ ሲጽፍ፣ ልክ እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ግልባጩን ለማያው ክፍል ስለሚልክ ነው። ጣት ሲገፋው ግን ግልባጭ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካውያኑ ሪቻርድ ሄልድና አለን ሃይን በጨለማ ያደጉ የድመት ግልገሎችን ጥንድ ጥንድ እያደረጉ በቀን ለሦስት ሰዓት ብርሃን ወዳለበት ክብ ክፍል አስገቡ። አንዷ በእግሯ ትዞራለች፤ ሁለተኛዋ በተንጠለጠለ ሣጥን ተቀምጣ በጓደኛዋ ጉልበት ትዞራለች። ሁለቱም የሚያዩት ያንኑ ግድግዳ ነው። በመጨረሻ ወደ ጠረጴዛ ዝቅ ሲያደርጓቸው በእግሯ የዞረችው ለመቆም እግሯን ዘረጋች። የተጫነችዋ ግን አልዘረጋችም፤ ነገር ወደ ዓይኗ ሲመጣ እንኳ አልጨፈነችም። ተለቃ በራሷ እግር ስትሄድ ነው በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደ ጓደኛዋ የሆነችው። መቼም ድመት ተማሪ አይደለችም። ነገር ግን የእንጨት ኪዩቡን በእጃችን ከፍ አድርገን «አያችሁ?» ስንል «አዎ!» የሚሉንን ልጆች አሰብናቸው። ኪዩቡን የዳሰስነው እኛው ብቻ ነበርን።

እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ኒልና ስትራይከር በካሊፎርኒያ በአየር በተንሳፈፈች ኳስ ላይ አይጦችን አስሮጡ። አይጧ ስትሮጥ ከጭንቅላቷ በስተኋላ ያሉት የማያ ሕዋሳት ለዚያው ሥዕል የሚሰጡት ምላሽ ከቆመችበት ጊዜ በእጥፍ በለጠ። ይህን ይዘን «እየሮጡ መማር ይሻላል» ብንል ግን ስሕተት ነው፤ በኋላ ትናንሽ ጦጣዎች ላይ ሲሞከር ለውጡ በጣም ትንሽ ሆኖ ተገኝቷል።

መወዛወዝ ንባብን ያሻሽላል አንልም። ለልጁ የሰጠነው ምክንያት ግን ሐሰት ነበር፤ ፊደሉ በደንብ ይታየው ነበር። ያስቸገረው የኛ ቁጣና የክፍሉ ሳቅ ነው። ሰኞ ወደዚያው ክፍል እንመለሳለን። ተራው የእሱ ነው፤ ካቆመበት መስመር ይቀጥላል።