የማዳም የዓሣ ገንዳ፦ እውነተኛ ተክል ይሻላል ወይስ የፕላስቲክ?

ከአገር ስንወጣ ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብ፣ ልጅ መያዝ እንደሚጠብቀን እናውቃለን። ሳሎን ያለውን የዓሣ ገንዳ መንከባከብ ግን ብዙ ጊዜ ማንም አይነግረንም። ዓሣው ሲሞት ግን መጀመሪያ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ፤ «ምን አደረግሽው?» ይባላል። ከደመወዝሽ እንቁረጥ የሚሉም አይጠፉም።

ስለዚህ ስለ ገንዳው ትንሽ ማወቅ ራስሽን መጠበቅ ነው። ዛሬ የምናየው አንድ ጥያቄ ነው፦ ገንዳው ውስጥ የሚገባው ተክል እውነተኛ ይሁን ወይስ ሰው ሠራሽ? የምትገዛው ማዳም ናት፤ የምታጸጂው ግን አንቺ ነሽ። «የቱ ይሻላል?» ካለችሽ መልስ ይኑርሽ። በአረብኛ እውነተኛው «ነባት ጠቢዒ»፣ ሰው ሠራሹ «ነባት ሲናዒ» ይባላል።

እውነተኛው ተክል

የዓሣው ኩስና የተረፈው ምግብ ውሃው ውስጥ ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። እውነተኛ ተክል ከዚህ ቆሻሻ የተወሰነውን እንደ ማዳበሪያ ይጠቀምበታል፤ ብርሃን ሲያገኝም ኦክስጅን ይሰጣል። መስታወቱን አረንጓዴ ከሚያደርገው አልጌ ጋር ምግብ ስለሚሻማ፣ ተክሉ በደንብ ካደገ የመፈተግ ሥራሽ ይቀንሳል።

ግን የራሱ ጣጣ አለው። በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት መብራት ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ሲበራ አልጌ ይበዛል። የሞተ ቅጠል ካልተለቀመ በስብሶ ውሃውን ያበላሻል። ሌሊት ደግሞ ተክሉም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ስለሚወስድ፣ «ድምፁ ይረብሻል» ተብሎ የአየር ፓምፑ እንዳይጠፋ።

ቀላል የሚባሉት አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ናቸው። ደካማ ብርሃን ይበቃቸዋል፣ አሸዋም አያስፈልጋቸውም። በክር ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ ይታሰራሉ። ሥሩ የሚወጣበት ወፍራም ግንድ አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል። አዲስ ተክል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሮጌ ቅጠሉን ቢጥል አትደንግጪ፤ ውሃውን እየለመደ ነው። ይህን ለማዳም ቀድመሽ ንገሪያት፣ በኋላ በአንቺ እንዳይሳበብ።

ሰው ሠራሹ

መብራት አይፈልግም፣ አይሞትም፣ አይበሰብስም። ውሃውን ግን በምንም አያጸዳም፤ ስለዚህ ውሃ መቀየሩን ማዘግየት አይቻልም። አልጌም ይይዘዋል፣ አውጥተሽ መፈተግ አለብሽ።

ጠንካራ ፕላስቲክ የዓሣን ክንፍ ይቀዳል፤ በተለይ እንደ ቤታ ያሉ ረጅም ክንፍ ያላቸውን ይጎዳል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ አሮጌ የናይለን ካልሲ ቅጠሉ ላይ ጎትቺ። ካልሲውን ከያዘው ወይም ከቀደደው የዓሣውንም ክንፍ ይቀዳል። ከጨርቅ የተሠራው ለስላሳ ስለሆነ ይሻላል። ቀለሙ የሚለቅ ወይም ውስጡ የሚዝግ ሽቦ ያለው ግን ገንዳ ውስጥ መግባት የለበትም።

ታዲያ የቱን?

ሦስት ነገር እዪ። አንደኛ፣ ዓሣው ምን ዓይነት ነው? ወርቃማው ጎልድፊሽ ለስላሳ ተክል ይበላል፣ ይነቅላልም፤ ለእሱ የጨርቁ ወይም ጠንካራው አኑቢያስ ይሻላል። ሁለተኛ፣ መብራት አለ? ከሌለ እውነተኛው አይበረክትም። ሦስተኛ፣ ቤተሰቡ በበጋ ለእረፍት ሲሄድ አንቺንም ይዞ ይሄዳል? ያኔ መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋ ታይመር ከሌለ፣ የሞተ ቅጠል የሚለቅም ሰውም ከሌለ ሰው ሠራሹ ይቀላል። መብራትም ጊዜም ካለ ግን ሁለት ሦስት አኑቢያስ ውሃውንም ሥራሽንም ያግዛሉ። ሁለቱን መቀላቀልም ይቻላል።

የቱም ቢሆን እነዚህን አትርሺ

• ተክሉን፣ ድንጋዩንም ሆነ መስታወቱን በሳሙና ወይም በበረኪና (ክሎሮክስ) አትጠቢ። ትንሽ ቅሪት ዓሣውን ይገድላል። ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል።

• ውሃውን በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አትቀይሪ። በሳምንት ሩብ ያህሉን ቀይሪ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው መጀመሪያ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ይጨመርበት። በበጋ ጣሪያ ላይ ካለው ታንከር የሚመጣው ውሃ ሊያቃጥል ይችላል፤ ከገንዳው ውሃ ጋር ሙቀቱ እስኪቀራረብ ጠብቂ።

• የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ ሳይሆን ከገንዳው በወጣው ውሃ እጠቢ። ቆሻሻውን የሚያጣሩት ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች እዚያ ላይ ነው የሚኖሩት።

• ገንዳው አጠገብ የበረሮ መድኃኒት አትንፊ። ከተነፋ ሽፋኑ ይዘጋ፣ የአየር ፓምፑም ለጊዜው ይጥፋ፤ የክፍሉን አየር ስቦ ውሃው ውስጥ ያስገባልና።

• እጅሽን ከማስገባትሽ በፊት መብራቱን፣ ፓምፑንና ማሞቂያውን ከሶኬት ንቀይ። ከዓሣው የአንቺ ሕይወት ይበልጣል። ስትጨርሺ መልሰሽ መሰካትሽን አረጋግጪ።

• ውሃ ያለበትን ገንዳ ብቻሽን አታንቀሳቅሺ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው፤ 100 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል።

በመጨረሻ፣ ገንዳውን ስትረከቢ የዓሣውን ብዛትና የተክሉን ሁኔታ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። የታመመ ወይም የሞተ ዓሣ ካየሽ ፈርተሽ አትደብቂ፤ በዚያው ቀን ለማዳም አሳያትና ፎቶውን በዋትስአፕ ላኪላት። መልእክቱ ቀኑን ይዞ ይቀመጣል። ነገ «አንቺ ነሽ የገደልሽው» ቢባል፣ የምታሳዪው ነገር አለሽ ማለት ነው።