ድረ ገጽን በሰው መጋዘን ስለ ማኖር

ዕቃውን በኪራይ መጋዘን የሚያኖር ነጋዴ አስቀድሞ የሚጠይቀው የኪራዩን ልክ ብቻ አይደለም፤ ውሉ ቢፈርስ ዕቃው ሳይጎዳ መውጣት መቻሉንም ነው። ዛሬ ድረ ገጹን በክላውድ ላይ ለሚያቆም የንግድ ቤትም ጥያቄው ይኸው ነው።

ጉግል የተባለው ኩባንያ አፕ ኢንጂን የሚባለውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2008 ሲከፍት፣ የሚቀበለው የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተን ብቻ ነበር። ለጀማሪዎችም ዌብአፕ የተባለ ቀላል ፍሬምወርክ፣ ማለት ለድረ ገጽ ሥራ አስቀድሞ የተሰናዳ መዋቅር፣ አብሮ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ጃንጎም በዚያው ላይ ሊሠራ ይችል ነበር፤ ዳሩ ግን የአፕ ኢንጂን የመረጃ መዝገብ እንደ ተለመደው እርስ በርሱ በተያያዘ ሠንጠረዥ የተሠራ ስላልነበረ፣ የጃንጎ የመዝገብ ክፍልና የአስተዳዳሪው ገጽ እንዳሉ ሊያገለግሉ አልቻሉም።

ስለዚህ ዌብአፕን የመረጠ ፈጥኖ ጀመረ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2018 ፓይተን 3 በመደበኛው የአፕ ኢንጂን ክፍል ሲገባ፣ ዌብአፕ አብሮ አልተሻገረም። የፓይተን 2 ድጋፍም በ2020 መግቢያ አበቃ። ለመሻገር የፈለገ ሁሉ ሥራውን ወደ ፍላስክ፣ ወደ ጃንጎ ወይም ይህን ወደ መሰለ ሌላ መዋቅር እንደገና ማሰናዳት ነበረበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በመጀመሪያ የተረፈው ጊዜ በኋላ ተከፈለ።

እንግዲህ ነጋዴው ከባለሙያ ጋር ከመዋዋሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ መዋቅሩ በሌላ ኩባንያ ክላውድ ላይ ይሠራልን? የደንበኞችና የሒሳብ መዝገቡ በሙሉ ሊወጣ ይችላልን? ሌላ ባለሙያስ ሊረከበው ይችላልን? መልሱም በውሉ ላይ ይጻፍ።