ዝሆንን ከእርሻ የሚመልስ የንብ አጥር

ገበሬ ለወራት ደክሞ ያበቀለውን በቆሎ የዝሆን መንጋ በአንድ ሌሊት በልቶና ረግጦ ሊያጠፋው ይችላል። እህሉ የጠፋበት ገበሬም ዝሆንን እንደ ጠላት ቢቈጥር አያስደንቅም። ሌሊት እርሻውን ሲጠብቅ በዝሆን የሚሞት ሰው አለ፤ በዚህ ምክንያት የሚገደልም ዝሆን አለ። ስለዚህ አራዊትን ለመጠበቅ ሕግ ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ የገበሬውን እህል የሚያድን፥ ወጪውም ከአቅሙ የማያልፍ ዘዴ ያስፈልጋል። በኬንያ የተፈተነው የንብ አጥር ከእነዚህ ዘዴዎች አንዱ ነው።

ዝሆን ቆዳው ወፍራም ቢሆንም ንብን ይፈራል፤ ንብ በዐይኑ ዙሪያና በኩምቢው ውስጥ ስትነድፈው ሕመሙ ይጸናበታል። የተቈጡ ንቦችን ድምፅ ሲሰማ እንኳ ስፍራውን ለቆ እንደሚሸሽ ሉሲ ኪንግ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት አስረድተዋል።

የአጥሩ አሠራር ቀላል ነው። በእርሻው ዙሪያ ምሰሶ ተተክሎ በየ10 ሜትሩ አንድ ቀፎ ይንጠለጠላል፤ ሁሉም በሽቦ ይያያዛል። ዝሆኑ ለመግባት ሽቦውን ሲገፋ ቀፎዎቹ ይወዛወዛሉ፤ ንቦቹም ተቈጥተው ይወጣሉ። ወጪ ለመቀነስ በእውነተኛዎቹ ቀፎዎች መካከል ቀፎ የሚመስል ሳንቃ ይሰቀላል። ከኤሌክትሪክ አጥር ይልቅ ርካሽ ነው፤ ገበሬውም ራሱ ሊጠግነው ይችላል።

በሰሜን ኬንያ በቱርካና ገበሬዎች መካከል በ34 እርሻዎች ላይ ለ2 ዓመት ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። ከእርሻዎቹ 17ቱ በከፊል በንብ አጥር፥ 17ቱ ደግሞ በእሾህ አጥር ታጥረው ነበር። በዚያ ጊዜ ዝሆኖች የንብ አጥሩን ሰብረው የገቡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በጻቮ አጠገብ በሳጋላ ቀበሌ ለብዙ ዓመታት የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናትም፥ እህል በሚደርስበት ወራት ከሚጠጉት 100 ዝሆኖች እስከ 86 የሚሆኑት እንደተመለሱ ያመለክታል። ገበሬዎቹም ማሩን ሸጠው ተጠቅመዋል።

ነገር ግን ዘዴው ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ድርቅ በሆነ ጊዜ አበባ ጠፍቶ ብዙ ቀፎ ባዶ ቀረ፤ የማሩም ምርት ቀነሰ። ንብ የሌለበት አጥር ደግሞ ዝሆንን አያስፈራም። ስለዚህ ይህን አጥር የሚሠራ ገበሬ ለንቦቹ ውሃና የሚያብብ ዛፍ ሊያዘጋጅላቸው፥ ቀፎውንም ከፀሐይ ሊከልል ይገባዋል። የአፍሪካ ንብ ቁጡ ስለሆነች ቀፎው ከመኖሪያ ቤት፥ ከመንገድና ከከብት በረት ራቅ ማለት አለበት።

በኤርትራ በጋሽና በሰቲት ወንዞች አካባቢ፥ በኢትዮጵያም በባቢሌ፥ ዝሆንና ገበሬ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ቀፎ መስቀልና ማር መቍረጥ ለሁለቱም አገር ሕዝብ የቆየ ሙያ ነው። ዘዴውን በጥቂት እርሻዎች ላይ አስቀድሞ መፈተን ተገቢ ነው፤ ከተሳካም ገበሬው እህሉን ከማዳኑ በላይ ማር ያገኝበታል፤ ዝሆኑም ከጥይት ይተርፋል።