ያለ ኳስ የተቆጠሩ ሦስት ጎሎች

ስሙኝማ ልጆች፣ ይህን ሳልነግራችሁ አላድርም። አንድ ሰው፣ ሣርና ቁጥቋጦ በወረሰው አሮጌ ስታዲየም ውስጥ፣ ብቻውን ሙሉ የእግር ኳስ ጨዋታ ተጫወተ። ተጋጣሚ የለም። የቡድን ጓደኛ የለም። ኳስ እንኳ የለም! ተመልካች ግን ነበረ። ያ ተመልካች ያየውን ነገር እንዴት ሊያይ እንደቻለ ገና አሁን ፍንትው ብሎ ገባኝ፤ ለእናንተም እንዲገባችሁ ከሥሩ ልጀምር። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው ፖላንድ፣ ዋርሶ ነው። ከቪስቱላ ወንዝ ማዶ፣ በስተቀኝ ዳርቻ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ዋርሶ ከተማ ተብላ የምትጠራ አልነበረችም፤ ከሕንፃዎቿ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ወድሞ ነበር። ይህ ሁሉ ጡብና ድንጋይ የት ይጣላል? ከፊሉን አምጥተው ከወንዙ ዳር ዙሪያውን ቆለሉት፤ በቁልሉም ላይ መቀመጫ ደረደሩበት። በ1955 ስታዲየም ሆኖ ተከፈተ። የሕዝባዊት ፖላንድን 10ኛ ዓመት ለማሰብ ስሙ «የ10ኛ ዓመት ስታዲየም» ተባለ፤ ከ70 ሺህ በላይ ሰው ይይዝ ነበር። አስቡት እንግዲህ! አንድ የዋርሶ ሰው ጎል ሲገባ ዘሎ ተነሥቶ የሚጮኸው፣ ምናልባት የገዛ ቤቱ ግድግዳ በነበረ ጡብ ላይ ቆሞ ነው።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። መስከረም 8 ቀን 1968፣ መንግሥት የመከር በዓል ሲያከብር፣ ስታዲየሙ በሕዝብ ጢም ብሎ ሳለ፣ ሪሻርድ ሺቪዬትስ የሚባል የሂሳብ ሠራተኛ፣ የ5 ልጆች አባት፣ በራሱ ላይ እሳት ለኮሰ። ፖላንድ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ሆና ቼኮስሎቫኪያን መውረሯን በመቃወም ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ጭፈራው ግን አልቆመም፤ የአገሪቱ ጋዜጦችም ዝም አሉ። በዚያ ቀን እዚያው ተቀምጦ የነበረ ብዙ ሰው የሆነውን ያወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፦ እዚያ መገኘት ብቻውን ማስታወስ ማለት አይደለም።

በ1983 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ እዚሁ ቅዳሴ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ስፖርቱ ቀረ፣ መቀመጫው ፈራረሰ፣ በየስንጥቁ ሣር በቀለ። ከ1989 ጀምሮ ደግሞ ቦታው ገበያ ሆነ፤ ያውም በአውሮፓ ከነበሩት ግዙፍ የአደባባይ ገበያዎች አንዱ! ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት፣ ከቬትናም፣ ከአፍሪካም የመጣ ነጋዴ ዕቃውን ዘርግቶ ይሸጥ ነበር። የአትሌቶች መሮጫ የነበረው ቦታ የሸራ ድንኳን ለበሰ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሚያዝያ 2007 ላይ ፖላንድና ዩክሬን የ2012ቱን የአውሮፓ ዋንጫ እንዲያዘጋጁ ተመረጡ። ስለዚህ አሮጌው ይፈርሳል፣ በቦታው አዲስ ይሠራል። ዮአና ቫርሻ የምትባል የሥነ ጥበብ አዘጋጅ ከ2006 ጀምራ ለዚህ ቦታ የስንብት ሥራዎች ታዘጋጅ ነበር። እኔን በጣም ደስ ያለኝ ምኑ መሰላችሁ? አሮጌ ፎቶዎችን ሰብስባ ግድግዳ ላይ አልሰቀለችም። ሰዎቹን ራሳቸውን ወደ ቦታው ወስዳ አንድ ነገር እንዲያደርጉ አደረገች። በመጀመሪያው ሥራ ተሳታፊው ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ የተቀዳ ድምፅ እየመራው፣ በገበያው የቬትናማውያን ሰፈር ውስጥ ይዘዋወራል። የዋርሶ ሰው ለዓመታት ርካሽ ሱሪ ገዝቶ ብቻ ይመለስበት በነበረው ቦታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሻጮቹን ኑሮ እየሰማ ይራመዳል። ግሩም ነው። ግን እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ሁለተኛው ነው።

ማሲሞ ፉርላን የሚባል ስዊዘርላንዳዊ አርቲስት አለ። በ2006 ፓሪስ ውስጥ፣ ፓርክ ዴ ፕሪንስ ስታዲየም፣ ሚሼል ፕላቲኒን ሆኖ ያለ ኳስ ተጫውቷል። ቫርሻ በ2007 ወደ ዋርሶ ጋበዘችው። እዚህ ደግሞ ቦኒየክን ሆነ።

ዝቢግኒየቭ ቦኒየክ በ1982ቱ የዓለም ዋንጫ ቤልጂየም ላይ ብቻውን ሦስት ጎል ያገባ የፖላንድ ተጫዋች ነው፤ በ4ኛው፣ በ26ኛው እና በ53ኛው ደቂቃ። ውጤቱ 3 ለ 0። ዘመኑን ደግሞ አስቡ፤ ከታኅሣሥ 1981 ጀምሮ ፖላንድ በወታደራዊ አዋጅ ሥር ነበረች፣ የተቃዋሚው የሠራተኞች ማኅበር የሶሊዳሪቲ መሪዎች ታስረዋል። በዚያ ክረምት ቤቱን ዘግቶ ቴሌቪዥን ፊት ለተቀመጠ ፖላንዳዊ እነዚያ ሦስት ጎሎች ምን እንደነበሩ መገመት አያቅታችሁም።

ፉርላን የቦኒየክን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ከጨዋታው ፊልም አጠና። መቼ ሮጠ፣ መቼ ዞረ፣ መቼ ቆሞ ተነፈሰ። 20 ቁጥር ማሊያ ለብሶ ገባ። ታዋቂው የፖላንድ ራዲዮ የስፖርት ጋዜጠኛ ቶማሽ ዚሞህ ጨዋታውን እንደ አዲስ ያስተላልፋል። ሰዉ በተሰነጣጠቀው መቀመጫ ላይ ተቀምጧል። ሜዳው ላይ ያለው አንድ ሰው ነው። የቀሩት 21 ተጫዋቾች የት አሉ? ኳሷስ? በተመልካቹ ጭንቅላት ውስጥ!

ይኸውላችሁ፣ ነገሩ የበራልኝ እዚህ ላይ ነው። ለቅሶ ቤት ያለችውን አልቃሽ አስቧት። ስለ ሟቹ አንዲት ነገር ታነሣለች፤ አንድ ሙያውን፣ አንድ ደግነቱን። ድንኳኑ በሙሉ ያነባል። ግን ማን ለማን እያለቀሰ ነው? አንዷ ለእናቷ፣ አንዱ ለወንድሙ። አልቃሿ የነዚያን ሰዎች ሟች አንድም አታውቅም፤ ማወቅም አያስፈልጋት። ጥቂት ተናግራ የቀረውን ለሰዉ መተው ነው ሥራዋ። ፉርላንም ያደረገው ይህንኑ ነው። ኳሷን ቢያመጣት ኖሮ ሰዉ ኳሷን ባየ ነበር። ስላላመጣት ግን እያንዳንዱ የራሱን 1982 አወጣ፤ የአባቱን ሳሎን፣ የጎረቤቱን ጩኸት፣ ያን ጊዜ የታሰረበትን ሰው።

ደግሞ ሌላ ጉድ አለ! ያ ጨዋታ እዚህ ስታዲየም ውስጥ የተካሄደ አይደለም። የተካሄደው ባርሴሎና፣ ካምፕ ኑ ነው።  ይህ ስሕተት ይመስላል፤ እኔ ግን የሥራው ብልኅነት ሁሉ እዚህ ላይ ነው እላለሁ። በ1968 እዚያ ተቀምጠው የነበሩት የሆነውን ሳያውቁ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ በ2007 የመጡት ደግሞ እዚያ ያልሆነውን አስታውሰው ጮኹ። ትዝታው ጡቡ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ትዝታው ሰዉ ጋ ነው ያለው፤ ስታዲየሙ ደግሞ ሰዉ በየቤቱ ለብቻው የያዘውን አንድ ላይ የሚያወጣበትን ቦታ ሰጠው።

ቫርሻ ስታዲየሙ አይፍረስ ብላ አልተከራከረችም። በ2008 መፍረስ ጀመረ፤ በቦታው የተሠራው ብሔራዊ ስታዲየም ጥር 2012 ተከፈተ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይም ፖላንድና ግሪክ የአውሮፓ ዋንጫውን መክፈቻ 1 ለ 1 ተጫወቱበት።

አሁን አንድ ነገር ሞክሩልኝ። የፖላንድና የቤልጂየምን የ1982 ጨዋታ ፊልም ፈልጉና እስከ 4ኛው ደቂቃ ድረስ ብቻ እዩት። ኳሷን ግን እንዳታዩ! ዓይናችሁን 20 ቁጥር ላይ ተክሉ፣ ሌላውን ሁሉ እርሱት። ከዚያ ድጋሚ ክፈቱትና አንዳችሁ ተነሥታችሁ ሳሎን ውስጥ እንደሱ ተንቀሳቀሱ፣ አንዳችሁ ጨዋታውን ጮክ ብላችሁ አስተላልፉ፣ የቀራችሁት ቴሌቪዥኑን ሳይሆን የሚሮጠውን ጓደኛችሁን እዩ። ኳሷ የት ጋ እንደደረሰች ስታውቁት ደውሉልኝ።