ቪየና፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ሰገነት ሥር

በቪየና መንግሥታዊ ኦፔራ ጥሩ ከሚባሉት ቦታዎች አንዱ ወንበር የለውም። ከምድሩ ወለል የመጨረሻ የወንበር ረድፍ ጀርባ፣ ልክ ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ የሚሄድ ስፍራ አለ። በየደረጃው መደገፊያ ተዘርግቷል፤ ተመልካቹ ክርኑን እዚያ ላይ አሳርፎ ቆሞ ያያል። ከራሱ በላይ ያለው ትልቁ ሰገነት የሃብስቡርግ ንጉሠ ነገሥት ሰገነት በነበረበት ቦታ ላይ ያለ ነው። ከሥሩ የቆመው ሰው በድምፅም በእይታም የሚጎድልበት ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ጥሩ ወንበር በአንድ ምሽት ከ200 ዩሮ በላይ ያስወጣል። የቁም ትኬት ግን ለብዙ ዓመታት ከአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ብዙም ሳይበልጥ ኖሯል፤ አሁን ቢጨምርም ተማሪና ጡረተኛ የሚደፍሩት ነው። እንዲህ ያሉ ቦታዎች ከ400 በላይ ናቸው። የቁም ተመልካቾች የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ ቦታውን የያዘ ሰው ሻርፑን ከመደገፊያው ላይ ቋጥሮ ውሃ ሊጠጣ ይወጣል፤ ሻርፕ የታሰረበትን ቦታ ማንም አይነካበትም። ብዙዎቹ አንዱን ኦፔራ ደጋግመው ያዩ፣ ዘፋኝን ከዘፋኝ የሚያወዳድሩ፣ ጭብጨባቸውን በዋዛ የማይሰጡ አድማጮች ናቸው። ዘፋኞችም የእነሱን ፍርድ ይፈራሉ።

ቪየናን ለማወቅ የሚሻ እንግዳ ከዚህ ቢጀምር መልካም ነው። ይህች የኦስትሪያ ዋና ከተማ ለነገሥታት የተሠሩትን አዳራሾችና ቤተ መንግሥቶች ለሕዝብ ከፍታለች። ከዚያም በላይ፣ ሙዚቃዋን እንደ ቅርስ ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ እንደሚሠራ ሥራ ይዛዋለች።

ኦፔራ ቤቱ የተወለደው ከፈረሰ ግንብ ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ በ1857 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የከተማዋ አሮጌ ቅጥር እንዲፈርስና በምትኩ ከተማዋን የሚዞር ሰፊ ጎዳና እንዲወጣ አዘዘ። ሪንግ በሚባለው በዚህ ጎዳና ላይ ከተገነቡት ታላላቅ ሕንፃዎች የመጀመሪያው ኦፔራው ነው። አርክቴክቶቹ ኤድዋርት ፋን ደር ኑልና አውጉስት ዚካርድ ፎን ዚካርድስቡርግ ሥራቸው በከተማዋ ሰው ዘንድ መሳለቂያ ሆነባቸው። ግንባታው ከተጀመረ በኋላ የጎዳናው ከፍታ በአንድ ሜትር ገደማ ስለጨመረ ሕንፃው ዝቅ ያለ መሰለ፤ ጋዜጦችም አልማሩትም። ፋን ደር ኑል በ1868 ራሱን አጠፋ፤ ባልደረባው በሳምንታት ልዩነት ታሞ ሞተ። ሁለቱም ግንቦት 25 ቀን 1869 ቤቱ በሞዛርት «ዶን ጆቫኒ» ሲከፈት አላዩም። ንጉሠ ነገሥቱ በሁለቱ ሞት እጅግ ስለደነገጠ፣ ከዚያ በኋላ ስለ አንድ ሥራ አስተያየት ሲጠየቅ በጣም ያምራል፣ ደስ ብሎኛል ከማለት አያልፍም ነበር ይባላል።

ሁለተኛው መከራ ከሰማይ መጣ። መጋቢት 12 ቀን 1945፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው፣ በአሜሪካ የአየር ድብደባ መድረኩና የተመልካች አዳራሹ ነደዱ። ከ120 በላይ ለሚሆኑ ኦፔራዎች የተዘጋጀ የመድረክ ዕቃና 150,000 ያህል አልባሳት አመድ ሆኑ። የተረፉት የፊት ለፊቱ ገጽ፣ ትልቁ የእብነ በረድ ደረጃና ከሱ ጋር የተያያዙ ክፍሎች ናቸው። ዛሬ በዚያ ደረጃ የሚወጣ እንግዳ የሚረግጠው የ1869ኙን ድንጋይ ነው፤ በሩን አልፎ አዳራሹ ሲገባ ደግሞ በ1950ዎቹ ቤት ውስጥ ይገኛል።

ከጦርነቱ በኋላ ከተማዋ በአራት ኃያላን ተከፋፍላ በተያዘችባቸው ዓመታት የኦፔራው ቡድን ሥራውን አላቋረጠም፤ በሌሎች ቲያትር ቤቶች እየተዘዋወረ ተጫወተ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 መጨረሻ ኦስትሪያን በጎበኙ ጊዜ አገሪቱ ነፃነቷን ገና አላገኘችም፤ ኦፔራውም አልተጠናቀቀም ነበር። በግንቦት 1955 በቤልቬዴሬ ቤተ መንግሥት የነፃነት ውሉ ተፈረመ፤ በጥቅምት የውጭ ወታደሮች ወጡ፤ ኅዳር 5 ቀን ኦፔራው ተከፈተ። ለመክፈቻው የተመረጠው የቤትሆቨን «ፊዴሊዮ» ነበር፤ በግፍ የታሰረ ባሏን ለማዳን ወንድ መስላ እስር ቤት ስለገባች ሴት የሚተርክ ሥራ። ኦርኬስትራውን የመራው ካርል በም ነው። ከአሥር ዓመት የባዕድ ጦር በኋላ፣ እስረኞች ወደ ብርሃን የሚወጡበትን ትዕይንት ያ ሕዝብ በምን ልብ እንዳየው መገመት አያዳግትም።

ብዙ የዓለም ኦፔራ ቤቶች አንድን ሥራ አዘጋጅተው ለጥቂት ሳምንታት ያሳዩና ወደ ሌላው ያልፋሉ። ቪየና ግን ከመስከረም እስከ ሰኔ መጨረሻ ማታ ማታ ትጫወታለች፤ ከዛሬው ምሽት የነገው ይለያል። በዓመት ከ300 በላይ ትዕይንት ይቀርባል። ይህን የሚያስችለው ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ጉልበት ነው። ሠራተኞቹ ትናንት ማታ የቆመውን ቤተ መንግሥት ወይም ጫካ ያፈርሳሉ፤ ጠዋት በዚያው መድረክ የሌላ ሥራ ልምምድ ይካሄዳል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የማታው ትዕይንት ዕቃ ይተከላል። መጋዘኑ ሌላ ቦታ ስለሆነ ዕቃው በጭነት መኪና ይመላለሳል። ቋንቋ ለማያውቅ እንግዳ በየመቀመጫው ፊት ግጥሙን በጽሑፍ የሚያሳይ ትንሽ ስክሪን አለ፤ ለቆሙትም እንዲሁ። ትኬት ላጣ ደግሞ፣ በጸደይና በመስከረም ከሕንፃው ጎን በሚተከል ትልቅ ስክሪን የውስጡ ትዕይንት በቀጥታ ይተላለፋል፤ አደባባዩ ላይ ማየት በነፃ ነው።

በመድረኩ ፊት ባለው ጉድጓድ የሚጫወቱት ሙዚቀኞች የሁለት ቤት ሰዎች ናቸው። በ1842 የተመሠረተው ቪየና ፊልሃርሞኒክ አባላቱን የሚወስደው ከኦፔራው ኦርኬስትራ ብቻ ነው። አመልካቹ መጀመሪያ ማንነቱ እንዳይታወቅ ከመጋረጃ ጀርባ ተጫውቶ ኦፔራው ይቀጥረዋል፤ ቢያንስ ሦስት ዓመት ካገለገለ በኋላ ለፊልሃርሞኒኩ አባልነት ያመለክታል። ፊልሃርሞኒኩ አለቃ የለውም። ከ1933 ወዲህ ቋሚ መሪ አልሾመም፤ ማን እንደሚመራው፣ ምን እንደሚጫወት የሚወስኑት አባላቱ ራሳቸው ናቸው። መሣሪያዎቻቸውም ከሌላው ዓለም ይለያሉ፤ ኦቦዋቸውና ቀንደ መለከታቸው የቪየና ስሪት ነው፣ የቲምፓኒ ከበሯቸውም በፍየል ቆዳ የተወጠረ ነው።

ይህን ሁሉ ክብር የሚያጠቁር ታሪክም አለ። ናዚዎች በ1938 ኦስትሪያን ሲይዙ አይሁዳውያን ሙዚቀኞች ከኦርኬስትራው ተባረሩ፤ ጥቂቶቹ በማጎሪያ ካምፕ ሞቱ። ዛሬ ጥር 1 ቀን በዓለም ዙሪያ በቴሌቪዥን የሚታየው የአዲስ ዓመት ኮንሰርትም መጀመሪያ የቀረበው በዚያው ዘመን፣ በታኅሣሥ 31 ቀን 1939 ነው። ሴቶችም እስከ 1997 አባል መሆን አይችሉም ነበር። በገና ደርዳሪዋ አና ሌልከስ አባልነት የተፈቀደላት ከሃያ ዓመት በላይ አብራቸው ከተጫወተች በኋላ ነው። እንዲህ ጥሩ የሚሰማ ጆሮ ያላቸው ሰዎች ይህን ያህል ጊዜ አለመስማታቸው ያሳዝናል።

የአዲስ ዓመቱ ኮንሰርት የሚቀርብበት ሙዚክፈራይን ከኦፔራው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። በዴንማርካዊው ቴኦፊል ሃንሰን ተነድፎ በ1870 የተከፈተው ወርቃማው አዳራሽ ወደ 49 ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ 19 ሜትር ገደማ፣ ከፍታው ወደ 18 ሜትር ነው። ቅርጹ እንደ ጫማ ካርቶን ጠበብ ብሎ የረዘመ ነው፤ የድምፁ ምስጢርም ከዚህ ይጀምራል። ከመድረኩ የወጣው ድምፅ በቅርብ ካሉት የጎን ግድግዳዎች ቶሎ ይመለሳል፤ የሴት ቅርጽ ያላቸው የተለበጡ ዓምዶችና የጣሪያው ጌጦች ደግሞ ድምፁን በየአቅጣጫው ይበትኑታል። ከወለሉ በታች ባዶ ክፍተት አለ፤ የውስጡ ጣሪያም በላይኛው ክፈፍ ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ ቤቱ ከሙዚቃው ጋር ይርገበገባል። ድምፅን በኮምፒዩተር ማስላት በማይታሰብበት ዘመን እንዲህ ያለ አዳራሽ መሠራቱ ያስደንቃል። እዚህም ከኋላ የቁም ቦታ አለ።

ከቤተ መንግሥቶቹ ሾንብሩን ይቀድማል። የሃብስቡርጎች የበጋ መኖሪያ የነበረው ይህ ግቢ 1,441 ክፍሎች አሉት፤ ለጎብኚ የተከፈቱት 40 ያህል ብቻ ናቸው። በላይኞቹ ፎቆች ዛሬም ተከራዮች ይኖራሉ። በግቢው ያለው በ1752 የተመሠረተው የእንስሳት ማቆያ እስከ ዛሬ ከሚሠሩት የዓለም የእንስሳት ማቆያዎች ሁሉ አንጋፋው ነው። በጥቅምት 1762 የስድስት ዓመቱ ሞዛርት ከእህቱ ጋር በንግሥት ማሪያ ቴሬዚያ ፊት የተጫወተው እዚህ ነው፤ ሲጨርስ ዘሎ እቅፏ ላይ ወጥቶ እንደሳማት አባቱ በደብዳቤ ጽፏል።

ከወርቁና ከመስታወቱ ይልቅ ቀልብ የሚይዘው ግን የፍራንዝ ዮሴፍ መኝታ ቤት ነው። ወደ ሃምሳ ሚሊዮን ሕዝብ ይገዛ የነበረው ሰው ያንቀላፋው በተራ የብረት አልጋ ላይ ነው። ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ዴስኩ ላይ ይሰየም ነበር። በኅዳር 1916 በዚያው አልጋ ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተተኪው ካርል ቀዳማዊ በዚያው ቤተ መንግሥት፣ በቻይና ወረቀት በተለበጠው ሰማያዊ ሳሎን፣ ከመንግሥት ሥራ መሰናበቱን ፈረመ፤ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ የቆየው አገዛዝ በአንድ ወረቀት አበቃ።

በከተማው መሐል ያለው ሆፍቡርግ የክረምቱ ቤተ መንግሥት ነበር፤ አሁን የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት ቢሮ እዚያ ነው። ጥቁር ተወልደው እያደጉ የሚነጡት የሊፒዛን ፈረሶችም በዚያው ግቢ በሙዚቃ ይሠለጥናሉ። በ1498 በማክሲሚልያን ቀዳማዊ የተጀመረው የወንድ ልጆች መዘምራን እሑድ እሑድ በጸሎት ቤቱ ቅዳሴ ያጅባል፤ ሹበርት በልጅነቱ የዘመረው ለዚህ የቤተ መንግሥት ጸሎት ቤት ነው።

አፍሪካዊ ጎብኚ በሆፍቡርግ ሲያልፍ አንጀሎ ሶሊማንን ሊያስብ ይገባል። በሕፃንነቱ ከአፍሪካ ለባርነት የተወሰደው ሶሊማን በመሳፍንት ቤት አድጎ ብዙ ቋንቋ የሚናገር፣ የልዑል ልጅ የሚያስተምር፣ ሞዛርት ከሚያውቃቸው ምሁራን ጋር በአንድ ማኅበር የሚቀመጥ ሰው ሆነ። በ1796 ሲሞት ግን ንጉሠ ነገሥታዊው የተፈጥሮ ስብስብ ቆዳውን አስወጥቶ፣ ላባና ዛጎል አልብሶ ለተመልካች አቆመው። ልጁ ዮሴፊን የአባቷ አስከሬን እንዲቀበር ብትጠይቅም የሰማት አልነበረም። ያ አካል በ1848ቱ ዐመፅ በእሳት ጠፋ። በሕይወት ሳለ ያከበረችው ከተማ ሬሳውን ያዋረደችው ስለ ቆዳው ቀለም ብቻ ነው፤ ይህ ከቤተ መንግሥቶቹ ታሪክ ተነጥሎ ሊነገር አይገባም።

የቪየና ቡና ቤቶችም ከኮንሰርቱ አይተናነሱም። የመጀመሪያውን የቡና ቤት ፈቃድ በ1685 ያገኘው አርመናዊው ዮሐንስ ዲዮዳቶ ነው። ከቡናው ጋር በትንሽ ትሪ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይቀርባል፤ ጋዜጣው ከእንጨት መያዣ ጋር ይመጣል፤ አንድ ስኒ ያዘዘ ሰው ግማሽ ቀን ቢቀመጥ ተነሣ የሚለው የለም። የቡና ቤቱ ባህል በ2011 በአገሪቱ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። የቡና መነሻ አገር ሰው እዚያ ተቀምጦ ሲጠጣ ፍሬው ምን ያህል ርቆ እንደሄደ ያያል።

ጉዞ ያሰበ ሰው ወሩን ይምረጥ። በሐምሌና በነሐሴ ኦፔራው ዝግ ነው፤ መዘምራኑም ፊልሃርሞኒኩም በከተማው የሉም፤ በነሐሴ ፊልሃርሞኒኩ የሚገኘው ዛልስቡርግ ነው። ለአዲስ ዓመቱ ኮንሰርት ትኬት የሚገኘው በዕጣ ስለሆነ በእሱ ላይ ተስፋ ማድረግ አያዋጣም። በግንቦት ወይም በሰኔ የመጣ ግን ቀኑ ከገጠመለት ትልቅ ዕድል አለው፤ ፊልሃርሞኒኩ ከ2004 ወዲህ በዓመት አንድ ምሽት ሾንብሩን ግቢ ውስጥ ለሕዝብ በነፃ ይጫወታል። መድረኩ ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ባለው የአትክልት ስፍራ ይተከላል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰውም ከመድረኩ አንሥቶ እስከ ኮረብታው ድረስ ሣሩ ላይ ቦታ ይይዛል። ቦታው ቀድሞ ስለሚሞላ ከሰዓት በኋላ በጊዜ መድረስ ያስፈልጋል።