ጆሐንስበርግ ሲታመስ እንቅልፍ የሚያጡ እናቶች

«ስልኩ ካልጠራ እሰጋለሁ፤ በሌሊት ሲጠራም እሰጋለሁ» አሉኝ ባለፈው ሳምንት ያነጋገርኳቸው እናት። በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ የልብስ ስፌት ድርጅት የሚሠሩት እኒህ ሴት የሆሳዕና አካባቢ ተወላጅ ሲሆኑ፣ የበኩር ልጃቸው ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ከጆሐንስበርግ ወጣ ባለ የድሆች ሠፈር ዳቦ፣ ስኳርና ሳሙና በምትሸጥ ትንሽ ሱቅ ይተዳደራል። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ጠየቁኝ አልጻፍኩትም።

ሥጋታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ግንቦት 3 ቀን 2000 ዓ.ም. አሌክሳንድራ በሚባለው የጆሐንስበርግ ሠፈር በውጭ አገር ተወላጆች ላይ የተነሣው ሁከት ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቶ 62 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ 21ዱ ራሳቸው ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ፤ የቁጣ እሳት አንዴ ከተቀጣጠለ እንግዳና ባለቤት አይለይም። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በደርባን፣ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. መጨረሻም እንደገና በጆሐንስበርግ የስደተኞች ሱቆች ተዘረፉ፤ ተቃጠሉ። የኢትዮጵያውያንም ነበሩበት።

የዚያን አገር ድሀ ግን በጅምላ መኮነን አይገባም። እዚያም ልጇን የምታበላው ያጣች እናት አለች። ሥራ ፈላጊው ሕዝብ ከመቶ ሠላሳ በላዩ ሥራ የለውም። ይሁንና በ2014 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከ62 ሚሊዮን ነዋሪ መካከል በውጭ አገር የተወለዱት 2.4 ሚሊዮን ያህል፣ ማለትም ከመቶ አራት የማይሞሉ ሆነው ተገኝተዋል። እነርሱ ሁሉ ቢባረሩ እንኳ ሥራ አጥነቱ እንዳለ ይቆያል።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ የደረሰው ነገር ለእኛ ለእናቶች የተለየ ትርጉም አለው። በሶዌቶ ናሌዲ ሠፈር ስድስት ሕፃናት ከሱቅ የተገዛ ምግብ በልተው ሞቱ ተባለ። በአገሪቱ በዚሁ ዓይነት መመረዝ የሞቱት ሕፃናት ከሃያ በለጡ። ሕዝቡ ወደ ስደተኞች ሱቆች ዘመተ። ልጇን የቀበረች እናት ብትቆጣ ማን ይፈርድባታል? ምርመራው ያገኘው ግን ቴርቡፎስ የተባለ የእርሻ ፀረ ተባይ መርዝ ነበር። ቆሻሻ በወቅቱ በማይነሣባቸው ሠፈሮች አይጥ ስለ በዛ፣ ሰዉ ይህን መርዝ ከመንገድ እየገዛ ለአይጥ ይጠቀምበታል። ፕሬዚዳንት ራማፎዛ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ባደረጉት ንግግር ሆን ተብሎ የተሠራ ሤራ አለመገኘቱን ገልጸው፣ ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘዙ።

መንግሥት መሥራት የሚገባው እንዲህ ያለውን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምርመራውን ለሕዝብ ማሳወቅ፣ የዜጋውንም የእንግዳውንም ሱቅ በአንድ ሕግ መቆጣጠር። ምዝገባ ብቻውን ግን አይጥ አይገድልም፤ ቆሻሻውን የሚያነሣ መኪና ያስፈልጋል። በ2000 ዓ.ም. ከገደሉትና ከዘረፉት ብዙዎቹ ሳይቀጡ መቅረታቸውም ለቀጣዩ ሁከት በር ከፍቷል። ባለሥልጣን በስብሰባ ላይ ስደተኛውን የችግር ሁሉ ምንጭ አድርጎ ከተናገረ በኋላ ሕዝቡን «ተረጋጉ» ቢል ማን ይሰማዋል?

«ዱዱላ» የሚባለው ስደተኞችን የማስወጣት እንቅስቃሴ አባላት ደግሞ በጤና ጣቢያ በር ላይ ቆመው መታወቂያ እየጠየቁ ሕሙማንን መለሱ። ነፍሰ ጡሮች ጭምር ነው የተመለሱት። የአገሪቱ ሕግ እኮ ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናትና ከስድስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ነፃ ሕክምና ይፈቅዳል። የጆሐንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድርጊቱን በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አገደ። ፍርዱ መልካም ነው፤ ሆኖም ምጥ የያዛት ሴት የፍርድ ቤት ወረቀት ይዛ አትሄድም፤ በሩ ላይ ፖሊስ መቆም አለበት።

በእኛም በኩል ያለው ጣጣ ቀላል አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለ ቦታ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ታፍነው የሞቱ 64 ሰዎች ሬሳ ተገኝቷል፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተብሏል። እናትየው ይህን ሰምተዋል። ታናሹ ልጃቸው ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ስላጣ፣ «ወንድሜ ጋ ልሂድ» እያለ ያስቸግራቸዋል።

«ዕቁቤ በሚቀጥለው ወር ይወጣልኛል» አሉኝ። «እሱ ለደላላ ስጪልኝ ይላል። እኔ የስፌት መኪና ገዝቼ አብረን ብንሠራ ይሻላል እላለሁ። እስካሁን አልተስማማንም፤ ልጄ።»